ለዕረፍት ሄዶ ሬዚን መማር፦ የአንባቢያን ጥያቄዎችና መልሶቻችን

የባሕር ሞገድ የሚመስል ሰሌዳ፣ ውስጡ አበባ የታየበት የብርጭቆ ማስቀመጫ፣ እንደ እብነ በረድ የሚያብረቀርቅ ትሪ። እነዚህን በግማሽ ቀን የሚያስተምሩ ስቱዲዮዎች ዛሬ በብዙ የመዝናኛ ከተሞች አሉ። በዚህ እትም ስለ ሬዚን (ከፈሰሰ በኋላ የሚጠነክር ፈሳሽ) ሥራ የቀረቡ ጥያቄዎችን እንመልሳለን።

ጥያቄ፦ በጥር ወር ለአምስት ቀን ወደ ዱባይ እሄዳለሁ። የሞገድ ሥዕል የሚያስተምሩበት ቦታ አይቻለሁ። ገበያውንና ጉብኝቱን ካስቀደምኩ በኋላ ትምህርቱን ለመጨረሻው ቀን ልይዘው አስቤአለሁ። ጥሩ ቦታስ በምን ይለያል? (ከአዲስ አበባ)

መልስ፦ እባክዎ ለመጨረሻው ቀን አያስቀሩት፤ በደረሱ ማግስት ይማሩ። ኢፖክሲ ሬዚን ሁለት ፈሳሽ ነው፤ አንዱ ሬዚኑ ራሱ፣ ሌላው ሃርድነር የሚባለው ማጠንከሪያ። እንደ ግድግዳ ቀለም ውሃው ተንኖ የሚደርቅ ነገር አይደለም። የሁለቱ ሞለኪውሎች እርስ በርስ እየተያያዙ ነው ወደ ጠጣርነት የሚለወጠው፤ ይህም ጊዜና ሙቀት ይፈልጋል። ለሥዕል የሚሠራው ዓይነት ከ22 እስከ 24 ዲግሪ ሴልሺየስ ባለ ክፍል ውስጥ አድሮ በ24 ሰዓት ገደማ ቢነኩት አይጣበቅም። ለመጠቅለልና ሻንጣ ውስጥ ለመግባት የሚበቃው ግን ከ72 ሰዓት በኋላ ነው። ሙሉ ጥንካሬውን እስኪያገኝ አንድ ሳምንት ያህል ይፈጃል። በአምስት ቀን ጉዞ እነዚያን 72 ሰዓታት የሚያገኙት በመጀመሪያው ወይም በሁለተኛው ቀን ከተማሩ ብቻ ነው።

የጥር ወር ለዱባይ ጥሩ ምርጫ ነው። በሐምሌና በነሐሴ የውጭው ሙቀት ከ40 ዲግሪ ያልፋል፤ በፀሐይ የቆመ መኪና ውስጥ ደግሞ ከ60 በላይ ይደርሳል፤ ገና ያልጠነከረ ሥራ እዚያ ውስጥ ይታጠፋል። በ2022 የአገሪቱ የሥራ ሳምንት ተቀይሮ የዕረፍት ቀናቱ ቅዳሜና እሑድ ስለሆኑ፣ ሰው የማይበዛበትን ክፍል ከፈለጉ ከሰኞ እስከ ሐሙስ ይሞክሩ። የሥነ ጥበብ ስቱዲዮዎች ከሚበዙባቸው ሰፈሮች አንዱ አል ቆዝ ነው።

ከመክፈልዎ በፊት በመልእክት ይጠይቁ። የሚጠቀሙት ሬዚን ስሙ ማን ነው? የደኅንነት መረጃ ወረቀቱን ያሳያሉ? ይህን ወረቀት የማያውቅ አስተማሪ ዕቃውን አያውቀውም። ቀጥሎ፣ የሚለካው በመጠን (በሚሊ ሊትር) ነው ወይስ በክብደት? ሥራው የት ያድራል፣ መቼ ይረከቡታል? “ዛሬውኑ ይዘውት ይሄዳሉ” የሚል መልስ ከመጣ፣ ወይ ሥራው በመብራት የሚጠነክር የአልትራቫዮሌት ሬዚን ነው፣ ወይ ደግሞ ገና የሚፈስ ነገር ይዘው በታክሲ ይሄዳሉ። መስኮት ወይም አየር ማውጫ መኖሩን፣ ጓንት በዋጋው ውስጥ መካተቱንም ይጠይቁ። በአንድ አስተማሪ ሥር ከስምንት ሰው በላይ ከሆነ ሌላ ቦታ ቢፈልጉ እንመክራለን። ሞገዱ የሚሠራበት ደቂቃ ለሁሉም ተማሪ በአንድ ጊዜ ስለሚደርስ አስተማሪው ለማን እጁን ይዘርጋ?

ቀኑ በግድ የመጨረሻው ከሆነ የጆሮ ጌጥና የቁልፍ መያዣ የሚሠራበትን የአልትራቫዮሌት ሬዚን ትምህርት ይምረጡ። በመብራት ሥር በደቂቃዎች ይጠነክራል። በአንድ ጊዜ ከ2 ወይም ከ3 ሚሊ ሜትር በላይ ግን አይፈስም፤ ጥቁር ወይም ወፍራም ቀለም ከገባበትም ብርሃኑ ታች ስለማይደርስ ላዩ ጠንክሮ ሥሩ ፈሳሽ ይቀራል።

ጥያቄ፦ ትምህርት ቤቱ ውስጥ ግራ እንዳልጋባ ሞገዱ እንዴት እንደሚሠራ ቀድማችሁ ብታስረዱኝ። ነጩ አረፋ እንደ ዳንቴል የሚበሳሳው በምን ምክንያት ነው? (ከሻርጃ)

መልስ፦ 30 ሴንቲ ሜትር ስፋት ያለው ክብ ሰሌዳ እንውሰድ። ፊቱ 707 ካሬ ሴንቲ ሜትር ያህል ነው። ሬዚን ራሱን ዘርግቶ ሲቆም ውፍረቱ ወደ 3 ሚሊ ሜትር ስለሚሆን 212 ሚሊ ሊትር ይበቃል፤ ኩባያ ላይ ተጣብቆ የሚቀረውን ጨምረው 220 ያድርጉት። ልኩ አንድ ለአንድ ከሆነ 110 ሬዚን፣ 110 ሃርድነር ማለት ነው።

ከመደባለቅ በፊት ሰሌዳው በውሃ ልክ ይስተካከል። ግማሽ ዲግሪ ዘንበል ቢል እንኳ ባሕሩ ሌሊቱን ወደ አንድ ጎን ይሰበሰባል። ከሥሩ ዙሪያውን በማስኪንግ ቴፕ ይሸፍኑና በአራት ኩባያ ላይ ከፍ ያድርጉት፤ የሚንጠባጠበው ቴፑ ላይ ይቀራል። ያልታሸገ እንጨት ከሆነ ቀድሞ በቀጭን ሬዚን ወይም በአክሪሊክ ማሸጊያ መቀባት አለበት። አለበለዚያ በእንጨቱ ቀዳዳዎች ውስጥ ያለው አየር ሲሞቅ እየወጣ ሰዓታት ሙሉ አረፋ ይሠራል፤ አረፋውን ለማፈንዳት የቱንም ያህል የችቦ እሳት ቢያሳልፉበት አያልቅም።

ማማሰሉ ከ3 እስከ 5 ደቂቃ ነው፤ በጠፍጣፋ እንጨት፣ በዝግታ፣ የኩባያውን ጎንና ታች እየፋቁ። በፈሳሹ ውስጥ የሚዋኙት ቀጫጭን ክሮች እስኪጠፉ አያቁሙ። ከዚያ ወደ ሌላ ንጹሕ ኩባያ ገልብጠው ለአንድ ደቂቃ ደግመው ያማስሉ። ይህ ሁለተኛ ኩባያ ብዙ ሰው የሚዘለው ሥራ ነው፤ ከተበላሹት ሥራዎች ብዙዎቹ የሚበላሹትም እዚህ ላይ ነው። በመጀመሪያው ኩባያ ግድግዳ ላይ የቀረው ያልተደባለቀ ፈሳሽ ሰሌዳው ላይ ሲወርድ፣ የወረደበት ቦታ እስከ መጨረሻው አይጠነክርም።

ድብልቁን ይከፋፍሉት፦ ለጥልቁ ሰማያዊ 40 ሚሊ ሊትር፣ ለአረንጓዴ ሰማያዊው 50፣ ለፈዛዛው 40፣ ቀለም ለሌለው 50፣ ለነጩ 20፣ ከአሸዋው ጋር ለሚለወሰው 20። ቀለሙ ከክብደቱ 5 በመቶ አይለፍ፤ ለ40 ሚሊ ሊትር 2 ግራም ገደማ ነው። ለእጅ ሥራ የሚሸጥ አክሪሊክ ቀለም ውስጡ ውሃ ስላለው ሲበዛ ሬዚኑን ያደበዝዘዋል፣ ያለሰልሰውማል።

አሸዋው ዳር ላይ፣ ሰማያዊዎቹ ከጥልቁ ወደ ፈዛዛው፣ በፈዛዛውና በአሸዋው መካከል ደግሞ ቀለም የሌለው ይፈሳል። ነጩ መስመር የሚያርፈው በዚህ ቀለም በሌለው ላይ ነው፤ ከእርሳስ ብዙም ያልወፈረ ቀጭን መስመር። ከዚያ ሂት ጋኑን (ሞቃት አየር የሚነፋውን መሣሪያ) ከ10 እስከ 15 ሴንቲ ሜትር ርቀት ዘንበል አድርገው ነጩን በመጀመሪያ ወደ ባሕሩ፣ ቀጥሎ ወደ አሸዋው ይግፉት።

አሁን ወደ ምክንያቱ። ነጭ ቀለም የሚሠራበት ቲታኒየም ዳይኦክሳይድ ክብደቱ ከውሃ አራት እጥፍ ገደማ ነው። ሙቀቱ ሬዚኑን ሲያቀጥነው ከባዱ ነጭ እየሰመጠ፣ ከሥሩ ያለው ቀላል ፈሳሽ እየወጣ ነጩን ይበሳሳዋል። ስለዚህ ሰዓቱን መምረጥ ከእጅ ችሎታ ይበልጣል። ድብልቁ ገና ቀጭን ሳለ ከነፉት ዳንቴሉ ተዘርግቶ ይጠፋል፤ ከዘገዩ አይንቀሳቀስም። ብዙ ጊዜ ትክክለኛው ሰዓት ከተደባለቀ ከ15 እስከ 20 ደቂቃ ባለው ውስጥ፣ ከእንጨቱ ጫፍ እንደ ማር ተስቦ ሲወርድ ነው። ክፍሉ 30 ዲግሪ ከሆነ ይህ ሰዓት ወደ ግማሽ ስለሚያጥር አስተማሪው “ቆይ” ቢልዎትም ፈሳሹን ራስዎ ይፈትኑት።

ሌላው ማወቅ ያለብዎ፣ በምስል የምናያቸው ጥላ ያላቸው ሞገዶች በአንድ ቀን የተሠሩ አይደሉም። ሁለተኛ ወይም ሦስተኛ ቀጭን ድርብ በማግስቱ ይጨመርባቸዋል፤ ጥላው የሚመጣው ላይኛው ነጭ በታችኛው ላይ ሲያጠላ ነው። ስለዚህ ለሁለት ተከታታይ ቀናት የሚሰጥ ትምህርት ካገኙ ዋጋው ጨመር ቢልም ያዋጣል።

ጥያቄ፦ ፍሎሪዳ ለዕረፍት ሄጄ ያመጣሁት ትሪ ከሁለት ሳምንት በኋላም ይጣበቃል። ሃርድነር ብቀባበት ይድናል? (ከሜሪላንድ)

መልስ፦ አይቀቡበት። ሃርድነር እንደ ቅመም ሲጨመር የሚያፋጥን ነገር አይደለም፤ በልክ ከሬዚኑ ጋር የሚጣመር ግማሽ አካል ነው። የተረፈው የሚያያዘው አጥቶ እንደ ቅባት ይቀራል።

መጀመሪያ ትሪውን በለብ ባለ ውሃና በሳሙና ይጠቡት። እርጥበት ባለበት አየር የጠነከረ ሬዚን ላዩ ላይ ሰም የሚመስል ቅባት ያወጣል፤ ሃርድነሩ ከአየሩ እርጥበትና ካርቦን ዳይኦክሳይድ ጋር ሲገናኝ የሚፈጠር ነው። ሲታጠብ ከለቀቀ ችግሩ ያው ነበር፤ ሌላ ነገር አያስፈልገውም።

ካልለቀቀ ጥፍርዎን ይጫኑበት። ሁሉም ቦታ ጠንካራ ሆኖ እዚህም እዚያም ብቻ የሚጣበቅ ከሆነ የማማሰል ጉድለት ነው። እነዚያን ቦታዎች ፍቀው ያስወግዱ፣ ቀሪውን በ220 ቁጥር ብርጭቆ ወረቀት ውሃ እያስነኩ ያሻክሩ፣ አጥበው ያድርቁና በትክክል የተለካ አዲስ ድርብ ያፍስሱበት። ሁሉም ቦታ እንደ ጎማ ከለሰለሰ ግን ወይ ብርድ ነው ወይ ልክ። ከ25 እስከ 30 ዲግሪ ባለ ክፍል አንድ ቀን ያሳድሩት፤ ብርድ ከነበረ ይጠነክራል። ካልጠነከረ ልኩ ተሳስቷልና ሥራው አይድንም፤ ብናዝንም እውነቱ ይህ ነው።

ልክ የሚሳሳትበት ዋናው መንገድ በመጠን አንድ ለአንድ የሚለውን በሚዛን መለካት ነው። የሬዚን አንድ ሚሊ ሊትር 1.15 ግራም፣ የሃርድነር ደግሞ 0.97 ግራም አካባቢ ይመዝናል እንበል። ከሁለቱም 100 ግራም ብንመዝን 87 ሚሊ ሊትር ሬዚን ከ103 ሚሊ ሊትር ሃርድነር ጋር ደባልቀናል ማለት ነው፤ ሃርድነሩ በ18 በመቶ በልጧል። ጠርሙሱ ላይ የክብደት ልክ ካልተጻፈ ሚዛን አይጠቀሙ።

ጥያቄ፦ ከዘጠኝ ዓመት ልጄ ጋር ልማር አስቤአለሁ። እኔም የአራት ወር ነፍሰ ጡር ነኝ። አስተማሪዋ “ሽታ የሌለው ነው፣ አይጎዳም” ብላኛለች። (ከሐይፋ)

መልስ፦ እህታችን፣ ለዚህ ዕረፍት ሌላ ሥራ ይምረጡ፤ ሸክላም ይሁን የጨርቅ ቀለም። ሽታ አለመኖሩ ቶሎ የሚተን ነገር እንደሌለው ያሳያል እንጂ ቆዳን እንደማይጎዳ አያሳይም። ያልጠነከረ ኢፖክሲም ሆነ የአልትራቫዮሌት ሬዚን በቆዳ ሲነካ አለርጂ ያስነሣል። አለርጂው በመጀመሪያው ቀን ላይታይ ይችላል። ሰውነት ደጋግሞ ከነካው በኋላ አንድ ቀን የእጅ አንጓ ይቀላል፣ ያሳክካል፣ የዓይን ሽፋን ያብጣል፤ አንዴ ከመጣ ደግሞ ዕድሜ ልክ የሚኖር ነው። ለልጅ ይህን ዕዳ መስጠት አይገባም። በእርግዝና ጊዜም ያልጠነከረውን ባይነኩ ይሻላል፤ ሐኪምዎንም ያማክሩ።

ለሌሎች ተማሪዎች፦ ጓንቱ ኒትራይል ይሁን፤ ላቴክስ ለዚህ ሥራ ደካማ ነው። ሬዚን እንደነካው ይቀየር። ቆዳ ላይ ከፈሰሰ በደረቅ ወረቀት ጠርገው በሳሙናና በውሃ ይታጠቡ። በአልኮል፣ በአሴቶን ወይም በቲነር ማጽዳት በብዙ ክፍሎች የሚታይ ልማድ ነው፤ እነዚህ ሬዚኑን አሟምተው ወደ ቆዳው ያስገቡታል። ብርጭቆ ወረቀት በሚመታበት ጊዜ ደግሞ የአቧራ ጭምብል ግድ ነው።

ጥያቄ፦ የተረፈውን ሬዚንና ትንሿን የጋዝ ችቦ ይዤ መመለስ እችላለሁ? ሥራውንስ እንዴት ልጠቅልለው? (ከአዳማ)

መልስ፦ ችቦው ጋዝ ካለበት በእጅም በጭነትም ሻንጣ የተከለከለ ነው፤ የጋዝ መሙያውም እንዲሁ። ሃርድነሩ ብዙውን ጊዜ ቆዳና ብረት ከሚበሉ ፈሳሾች ስለሚመደብ በተሳፋሪ ሻንጣ አይገባም። ስለዚህ እዚያው ይተዉት።

የጠነከረው ሥራ ተራ ጠጣር ዕቃ ነው። ፊቱን በዳቦ መጋገሪያ ወረቀት ይሸፍኑ፣ ከላይ ለስላሳ ጨርቅ፣ ከዚያ ባለ አረፋውን ፕላስቲክ። ፕላስቲኩ ፊቱን በቀጥታ ከነካና ሥራው ገና ሳምንት ካልሞላው የእያንዳንዷ አረፋ ክብ ታትሞበት ያገኙታል። በሻንጣው መካከል በጠፍጣፋው ያስተኙት፤ ያዘመመ ሰሌዳ በሙቀት ይጎብጣል።

ጥያቄ፦ አደይ አበባና የቡና ፍሬ ይዤ ሄጄ በትሪ ውስጥ ማስገባት እፈልጋለሁ። ከባሕሩ ዳርም አሸዋና ኮራል ልጨምርበት? (ከባሕር ዳር)

መልስ፦ አደዩ በደንብ መድረቅ አለበት። እርጥብ አበባ በሬዚን ውስጥ ይጠቁራል፣ ዙሪያውንም አረፋ ይይዛል። በመስከረም ሲለቅሙት ጤዛው ከረገፈ በኋላ፣ ረፋድ ላይ ይሁን። በሚመጥ ወረቀት መካከል ከባድ መጽሐፍ ጭነው ከ2 እስከ 3 ሳምንት ያቆዩት፤ በመጀመሪያው ሳምንት ወረቀቱን በየሁለት ቀኑ ይቀይሩ። ሲያፈሱ በመጀመሪያ 2 ሚሊ ሜትር፣ አበባውን አስተኝተው ከ3 እስከ 4 ሰዓት እስኪረጋ ይጠብቁ፣ ቀሪውን ከላይ። በአንድ ጊዜ ካፈሰሱት አበባው ይንሳፈፋል። የደረቀ ተክልም ቢሆን በአንዳንድ አገር መግቢያ ላይ ፈቃድ ሊጠየቅበት ስለሚችል ከመነሳትዎ በፊት ያጣሩ።

ቡናው ከተቆላ በኋላ ለቀናት ካርቦን ዳይኦክሳይድ ያወጣል፤ ያ ሁሉ በሬዚኑ ውስጥ አረፋ ይሆናል። ሁለት ሳምንት ክፍት ዕቃ ውስጥ ያቆዩት። በጣም ያልጠቆረ ቢሆን ይመረጣል፤ የጠቆረ ፍሬ ላዩ ቅባት ስለሚያወጣ ሬዚኑ አይይዘውም። ፍሬዎቹን አስቀድሞ በቀጭን ሬዚን ማሸት ቀሪውን አረፋ ይከለክላል።

ከባሕር ዳርቻ ምንም አያንሱ። ጠንካራ ኮራሎች በዓለም አቀፉ የዱር እንስሳትና ዕፅዋት ንግድ ስምምነት ሥር ናቸው፤ በሃዋይና በሰርዲንያ አሸዋ መውሰድ እንኳ በሕግ የተከለከለ ነው። የባሕር አሸዋ ጨውና እርጥበትም አለበት። ስቱዲዮው የሚሰጥዎ ታጥቦ የደረቀ አሸዋ ለሥራው ይሻላል።

ጥያቄ፦ የረከቦት ፊት በሬዚን ብሠራ ጀበናውን ይችላል? (ከጎንደር)

መልስ፦ አይችልም። በትምህርት ቤቶች የሚገኘው ሬዚን ከ50 እስከ 60 ዲግሪ ላይ መለስለስ ይጀምራል፤ ከፍም ላይ የወረደ ጀበና ከዚያ እጅግ ይበልጣል። ሲኒዎቹ የሚደረደሩበትን በሬዚን ይሥሩ፣ ለጀበናው ቦታ እንጨቱን ገልጠው ይተዉና ማቶቱን እዚያ ያኑሩ። ሲኒዎቹም ትኩስ ሲሆኑ ክብ አሻራ ሊተዉ ስለሚችሉ ከሥራቸው ስፌት ቢገባ ጥሩ ነው። ማጨሻውንም ከሬዚኑ ላይ ያርቁ።

ጥያቄ፦ ከተማርኩ በኋላ አዲስ አበባ ቤቴ ውስጥ ልቀጥል ብል ምን ይለወጣል? (ከአዲስ አበባ)

መልስ፦ ብርዱ። ከኅዳር እስከ ጥር ሌሊቱ ከ10 ዲግሪ በታች ይወርዳል፤ ሬዚን ደግሞ ቢያንስ የመጀመሪያዎቹን 24 ሰዓታት ከ20 ዲግሪ በላይ ማደር አለበት። በጠዋት ያፍስሱ፤ ፀሐይ የሚገባበት ክፍል ይምረጡ፤ ማታ በማሞቂያ ያግዙት፤ ከአቧራ በካርቶን ይክደኑት። የቀዘቀዘ ሬዚን ወፍራም ስለሆነ የአየር አረፋውን አይለቅም። ጠርሙሱን በደንብ ዘግተው ለ10 ደቂቃ ለብ ባለ ውሃ ውስጥ ያቁሙት። ሬዚኑ ነጭ ሆኖ እንደ ስኳር ከረጋ አልተበላሸም፤ በ50 ዲግሪ ውሃ እስኪጠራ ይሞቅና ሲበርድ ይሠራበታል። በሞቀ ሬዚን የሥራ ደቂቃዎ እንደሚያጥር ግን ያስቡ።

ሲገዙ ስሙን ያንብቡ። ለፋይበር ግላስ ሥራ የሚሸጠው ብዙ ጊዜ ፖሊስተር የሚባል ሌላ ዓይነት ሬዚን ነው፤ ማጠንከሪያው የሚጨመረው ከ1 እስከ 2 በመቶ ብቻ ሲሆን ስታይሪን የሚባለው ኬሚካሉ ሽታው ከባድ ነው፤ መኖሪያ ቤት ውስጥ አይሠራበትም። በዱባይ የተማሩት የአንድ ለአንድ ልክም ለእሱ አይሆንም።

ድብልቁን በኩባያ ውስጥ አያቆዩት። 300 ሚሊ ሊትር በአንድ ቦታ ከተጠራቀመ ሙቀቱ መውጫ አጥቶ ከ100 ዲግሪ ሊያልፍ ይችላል፤ ይጨሳል፣ ፕላስቲኩንም ያቀልጣል። ወዲያው ያፍስሱት፤ የተረፈውን ሰፊ ዕቃ ላይ አሳስተው ዘርግተው ያጠንክሩትና ከደረቅ ቆሻሻ ጋር ይጣሉት። ፈሳሹን ወደ መታጠቢያ ቧንቧ መድፋት ቧንቧውን ይደፍናል፣ ውሃውንም ይበክላል።